ከ402 ላይ 178 ሲቀነስ

ሐምሌ 3

ይህ የሱቄ የልኬት ደብተር ነው። ከፊት በኩል የሰው ወገብ፣ ትከሻና የእጅጌ ርዝመት ሞልቶበታል። ዛሬ ገልብጬ ከኋላው ጀመርኩ። ለሰው የማልነግረው ነገር ሲበዛብኝ ለወረቀት ልንገረው ብዬ ነው።

ባለቤቴ ከሆስፒታል ከወጣ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። በዱላ ይራመዳል። ንግግሩ ትንሽ ጎተት ይላል እንጂ ይገባል። ቀኝ እጁ ገና አልታዘዝ ብሎታል። ሐኪሙ "ቀላል ስትሮክ ነው፤ እድለኞች ናችሁ" አለን። እኛም እድለኞች ነን ብለን ቤታችን ገባን።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ስተኩስ እሱ ስልኩን ይዞ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ሌላ ከተማ ያለችው ልጃችን ጋ ሊደውል ፈልጎ፣ ቁጥሯን ከወረቀት እያየ ይነካካል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይነካካል።

"ልደውልልህ?" አልኩት ጠጋ ብዬ።

"ቁጥሮቹ አይቆሙልኝም" አለ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። በልብስ ጠመኔዬ ቁራጭ ጨርቅ ላይ 402 ብዬ ጻፍኩና "ይሄ ስንት ነው?" አልኩት።

"አርባ ሁለት።"

ከዚያ ፊቴን አየ። ምን እንዳነበበበት እንጃ፤ ጨርቁን ቀስ ብሎ አጠፈና አጠገቡ አስቀመጠው። ሠላሳ አንድ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ያስተማረ ሰው ነው።

በታመመ ዕለት ጠዋት "እጄ ከበደኝ" ብሎኝ ነበር። የዩኒፎርም ትእዛዝ ደርሶብኝ ስለነበር ከማሽኑ ቀና ሳልል "ተኝተህበት ይሆናል" አልኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሐምሌ 5

እህቱ መጣች። "አንቺ ደግሞ፣ ሰውየው ይረፍበት እንጂ! ሂሳብ ምን ያደርግለታል?" አለችኝ ወጥ ቤት። ድምፅዋ ግድግዳ ይበሳል። ሰምቷል። እንዳልሰማ ሆነ።

ሐምሌ 9

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሯ ደህና ሴት ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

"እውነቱን ይንገሩኝ፤ ባለቤትዎ ማስተማር ይችላሉ?" አሉኝ።

"ይችላል" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

"እንግዲያው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለደከሙ ልጆች የማካካሻ ትምህርት አለን። ነሐሴ 24 አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩ፤ እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከቻሉ ይቀጥላሉ። ካልቻሉ በክብር እንሸኛቸዋለን።"

ስወጣ በሩ ላይ ሁለት መምህራን ቆመዋል። አንዱ "እሱማ አበቃለት፤ ክፍሉን ለአዲሱ ይሰጡታል" ሲል ሰማሁ። እኔን ሲያዩ የዣንጥላቸውን እጀታ መመርመር ያዙ።

ቤት ስገባ ስለ ነሐሴ 24 ነገርኩት። ስለ በሩ አልነገርኩትም።

ሐምሌ 11

ከጎረቤት የሦስተኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍ ተዋስኩ። እንዳይከፋው ብዬ በጋዜጣ ጠቅልዬ አመጣሁት። ፈታው፣ ሽፋኑን አየ።

"ሦስተኛ ክፍል?"

"ካልፈለግህ…"

"ከአንደኛ ቢሆን ይሻል ነበር" አለና በግራ እጁ እስክሪብቶ አነሳ።

እኔ እንዲህ ማለት እችል ነበር? እንኳን ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ፣ አንድ ልብስ አበላሽተሻል ቢሉኝ ሦስት ቀን አኮርፋለሁ።

ሐምሌ 14

ዛሬ ሱቅ አልከፈትኩም። ቀኑን ሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ዋልን፦ 402 ሲቀነስ 178።

መጽሐፉ "ከአሥር ቤት ተበደር" ይላል። አሥር ቤት ውስጥ ግን ዜሮ ነው ያለው። "ከባዶ ቤት ምን እበደራለሁ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ደግሞ አየሁት፤ 402ን አርባ ሁለት ያለውም ይህንኑ ዜሮ ስለዘለለው ነው። ባዶ ሲሆን የሌለ ይመስለዋል።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ምን አስረዳለሁ? የልብስ ቁልፎቼን አመጣሁ። ቁልፍ ከአከፋፋይ ሲመጣ በሣጥን መቶ መቶ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ካርዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ካርድ ላይ አሥር ቁልፍ ተሰፍቷል። አራት ሣጥን አስቀመጥኩ፤ ካርድ ምንም፤ ሁለት ልቅ ቁልፍ።

"አንድ ደንበኛ መቶ ሰባ ስምንት ቁልፍ ስጪኝ አለ" አልኩት። "መጀመሪያ ስምንቱን ስጠው።"

ሁለቱን ቁልፎች አየ። "አይበቃም።"

"ካርድስ?"

"የለም።" ቆየ። ከዚያ በደህናው እጁ አንዱን ሣጥን ራሱ ከፈተው። አሥር ካርድ ወጣ። አንዱን ካርድ ቀዶ አሥሩን ቁልፍ ከሁለቱ ጋር ቀላቀለ። አሥራ ሁለት። ስምንት ሰጠ፤ አራት ቀረ። ከቀሩት ዘጠኝ ካርዶች ሰባት ሰጠ፤ ሁለት። ከቀሩት ሦስት ሣጥኖች አንድ ሰጠ፤ ሁለት።

"ሁለት መቶ ሃያ አራት" አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው 224 ላይ 178 ደመረና 402 እስኪመጣ ጠበቀ። በላብ ተጠምቋል። "አንብበው" አልኩት።

"አራት መቶ… ሁለት።"

ዜሮዋ ላይ ጣቱን አሳርፎ ነው ያነበባት።

ሐምሌ 15

ቸኩያለሁ። ሦስት ደንበኛ ቆሟል። 500 ሲቀነስ 236 ብቻውን ሠራ። 264። ልክ ነው። ብቻውን!

ሐምሌ 22

አራተኛ ክፍልን ጨርሰን አምስተኛ ገባን። ጠዋት ሁለት ሰዓት እንሠራለን፣ ከዚያ ሱቅ። ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ የሠራውን አያለሁ።

ዛሬ ክፍልፋይ። ግማሽ ሲደመር ሲሶ። "ሁለት አምስተኛ" አለ። ላይና ላዩን፣ ታችና ታቹን ደምሮ ነው። እኔ ልክ ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ ግን ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል። ጨምሬበት እንዴት ያንሳል? ሜትሬን ዘርግቼ 60 ሳንቲም ላይ ያዝኩት። ግማሹ 30፣ ሲሶው 20። አንድ ላይ 50። ሃምሳ ከስልሳ፤ አምስት ስድስተኛ።

ሜትሩን ለረጅም ጊዜ አየውና "ስልሳን ለምን መረጥሽ?" አለኝ።

"ለሁለትም ለሦስትም እኩል ስለሚቆረጥ ነዋ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንዳየ አልገባኝም። መቼም ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እሱ ሳይነሳ በፊት የሚቀጥለውን ገጽ ቀድሜ እሠራለሁ። ለእሱ ብዬ ነው፤ ሲጠይቀኝ እንዳልደናገር። ትናንት ግን ለእሱ የማያስፈልገውን ገጽ ሁሉ ሠርቼ፣ ሻይ ገንፍሎ ምድጃውን አጥፍቶብኛል።

ሐምሌ 27

ምነው አፌ በተሰፋ!

የድሮ ባልደረባው፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ ሊጠይቀው መጣ። ባለቤቴ ደስ ብሎት ደብተሩን አሳየው፤ አንድ የመቶኛ ጥያቄም እፊቱ ሠራ። የ80 ሃያ አምስት በመቶ። "ሃያ አምስት" አለ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ፣ ዞር እንኳን ሳልል፣ "ሃያ ነው እንጂ፤ ሩቡ አይደል" አልኩ።

እንግዳው ሳቀና "ቤት ውስጥ ዋናዋ መምህር ይቺ ናት ለካ!" አለ።

ባለቤቴም ሳቀ። እንግዳው ሲወጣ ደብተሩን ዘጋና መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሐምሌ 29

አልከፈተውም።

ሐምሌ 30

ልጃችን ደወለች። "እማ፣ እንዴት ነው አባ?" "ደህና ነው፣ እየበረታ ነው።" እሱ ከጎኔ መስኮት መስኮቱን ያያል። መኪና ይቆጥር ይሆን ብዬ ነበር። አይቆጥርም።

ነሐሴ 2

ዘዴ አመጣሁ። ደብተሩን እኔ አውጥቼ "እስቲ እየው፣ እዚህ ጋ ተምታታብኝ" አልኩት። 7 ጊዜ 8 ብዬ 54 ጽፌያለሁ፤ ከታችም 36 ለ4 ሲካፈል 8። አርሞኝ ደስ እንዲለው።

መነጽሩን አደረገ። አየ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ ሄደ።

"ሆን ብለሽ ነው" አለ።

"ኧረ በጭራሽ!"

"ሰው ሲሳሳት እንዲህ አይሳሳትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሕተት ያረምኩ ሰው ነኝ። የእውነት ስሕተት የሚመጣበት መንገድ አለው፤ ይሄ መንገድ የለውም።" እስክሪብቶውን አነሳ። "አርሚኝ እንጂ አትዘኝልኝ። እንግዳው ፊት ማረምሽ አይደለም የከፋኝ። ልክ መሆንሽ ነው የከፋኝ። እሱ ደግሞ ያልፋል።"

ከዚያ ትክክለኛዎቹን ጻፈ፤ 56፣ 9። እስክሪብቶውን ሰጠኝና "በይ ቀጥዪ" አለ።

እኔ የማውቀው ወንድ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማው ይጮኻል ወይም ይወጣል። እሱ የከፋውን ነገር ስሙን ጠርቶ ፊቴ አስቀመጠው። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ትልቅ መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት።

ነሐሴ 7

ሱቅ ይዤው ሄድኩ። አንዲት ልጅ ክሎሽ፣ ሲዘረጋ ሙሉ ክብ የሚሆን ቀሚስ፣ አዝዛ ነበር። ወገቧ 66። ጨርቁን አራት አጥፌ፣ ከጥጉ 10 ተኩል ለክቼ ሩብ ክብ አሰመርኩ።

"10 ተኩል ከየት መጣ?" አለኝ ከወንበሩ።

"ወገቡን ለስድስት አካፍዬ ትንሽ እቀንሳለኋ። ለ66፣ አሥራ አንድ፤ ግማሽ ስቀንስ፣ አሥር ተኩል። ካልቀነስኩ ይሰፋል። አክስቴ ናት ያስተማረችኝ።"

ተነሳ። እውነቴን ነው፣ ዱላውን ረስቶ ተነሳ። ጠመኔዬን ወስዶ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ክብ ሣለ፤ ጠማማ ክብ ነው፣ በግራ እጁ። "የክብ ዙሪያ ማለት ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርዝመት ተባዝቶ በሁለት፣ ተባዝቶ በፓይ ነው። ፓይ ሦስት ነጥብ አንድ አራት። ሁለት ጊዜ ሲሆን ስድስት ነጥብ ሁለት ስምንት። አንቺ ለስድስት ታካፍያለሽ። 'ትንሽ እቀንሳለሁ' የምትያት እኮ ነጥብ ሁለት ስምንቷ ናት!"

66ን ለ6.28 አካፈለው። ሩብ ሰዓት ፈጀበት፤ ሁለቴ ጠፋበት፤ ሁለቴም ራሱ አገኘው። አሥር ነጥብ አምስት ወጣ። እኔ ሜትሬን፣ እሱ ቁጥሩን ይዘን ተያየን።

"ሃያ ዓመት ሙሉ እጅሽ ላይ ነበር" አለ። ዓይኑ ውስጥ ብርሃን ነበር፤ ከታመመ ወዲህ ያላየሁት። ክፍል ውስጥ እንዲህ ከነበረ ልጆቹ ምንኛ ታድለዋል።

ጠረጴዛውን እስካሁን አልጠረግሁትም።

ነሐሴ 14

የኤክስ ጥያቄ ገባን። ሦስት ኤክስ ሲቀነስ ሰባት እኩል ይሆናል ሃያ። እሱ እንዲህ አስረዳኝ፦ "የተቀነሰውን ሰባት መልሺለት። ለአንዱ ወገን ከመለስሽ ለሌላውም መልሺ፤ ካልሆነ እኩል መሆኑ ይቀራል። ሦስት ኤክስ እኩል ይሆናል ሃያ ሰባት። አንዱ ኤክስ ዘጠኝ።" ከዚያ ዘጠኝን ቦታው መልሶ አየ፤ ሃያ ሰባት፣ ሲቀነስ ሰባት፣ ሃያ።

አስተዋልኩ፤ አሁን እሱ ነው የሚያስረዳኝ። ቅንፍ ሲመጣ ብቻ ይስታል። ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት ካለ፣ ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን ቁጥር ምልክቱን ሳይቀይር ያልፋል። አሥር ጊዜ ሠርተን ሰባት ጊዜ ሳተ።

አሥር ቀን ቀረው።

ነሐሴ 19

ነገርኩት። የዚያን ቀን ጠዋት ስለ እጁ የነገረኝን፣ ቀና ሳልል የመለስኩለትን። ቅንፍ እየሠራን ሳለ ድንገት ወጣብኝ፤ እያለቀስኩ።

"ማለቴን እንኳ አላስታውስም" አለ። ቆይቶ፣ "እኔም ብሆን ተኝቼበት ነው ነበር የምለው። እኔስ ራሴ ሐኪም ጋ መሄድ አልችልም ነበር?" እጄን በቀኝ እጁ ያዘ። ጣቶቹ ላላ ያሉ ናቸው፣ ግን ያዙኝ። "በይ፣ ይቺን መስመር ጨርሻት።"

ጨረስኳት።

ነሐሴ 23

ሸሚዙን ተኮስኩ። ሁለቴ። ከሰባት ስሕተት ወደ ሦስት ወርዷል። ሦስት ግን ሦስት ነው። እህቱ ደውላ "አሁንም አልተወም?" አለች። ዘጋሁባት። ነገ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነሐሴ 24

በዝርዝር ልጻፈው።

ቦርሳውን ይዤለት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሯ "ግቡ፣ ከኋላ ከእኔ ጋር ይቀመጡ" አሉኝ። ሃያ ስድስት ተማሪዎች ነበሩ። በግራ እጁ፣ በትልልቅ ቁጥሮች፣ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦

5 − 2(x − 3) = 1

"ቀስ ብለን ነው የምንሄደው" አለ። "እኔም የምችለው ቀስ ብዬ ብቻ ነው።" ልጆቹ ፈገግ አሉ።

ቅንፉን ፈታ። 5 − 2x − 6 = 1።

ሳተ። አየሁት። ሁለቱ እጆቼ የወንበሩን ጠርዝ ጨመቁ። ከፊቴ ያለውን ዴስክ አልፌ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም።

ቀጠለ። −2x = 2። x = −1። ርዕሰ መምህሯ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

"አሁን ቦታው እንመልሰው" አለ። "ከ−1 ላይ 3 ሲቀነስ −4። በ2 ሲባዛ −8። ከ5 ላይ −8 ሲቀነስ… 13።" ሰሌዳውን አየ። "አሥራ ሦስትና አንድ እኩል ናቸው?"

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ እሱ እንደማይስቅ አይተው አቆሙ።

"ተሳስቻለሁ" አለ። "የት እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም።"

ወደ እኔ አላየም። አንዴም። ጣቱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈ። "ይሄ መጽሐፉ የሰጠን ነው፤ እሺ። ይሄኛውስ? ሁለት ጊዜ ኤክስ፣ ሁለት ኤክስ፤ ፊቱ ያለው መቀነስ፤ እሺ። ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ስድስት…" ቆመ። የልጆቹ እግር መሬቱን ሲፍቅ ይሰማል።

ፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ቅንፉ ውስጥ ያለውም እኮ መቀነስ ነው።"

"እህ?"

"መቀነሱ ራሱ ሲቀነስ…"

"ይመለሳል!" አለ። "ይደመራል!" −6ን በእጅጌው ጠረገና +6 ጻፈ። 11 − 2x = 1። 2x = 10። x = 5። ቦታው መለሰው፤ 5 ሲቀነስ 3፣ 2፤ በ2 ሲባዛ 4፤ ከ5 ላይ 4 ሲቀነስ፣ 1።

ከዚያ ዞሮ እንዲህ አላቸው፦ "ይህን ክረምት ሕመም ቁጥር አስረስቶኝ ነበር። ከመቀነስ ጀምሬ እንደ አዲስ ተማርኩ። ስለዚህ ሂሳብ አልገባኝም የሚል ሰው ካለ አይፈረኝ፤ እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት። አሁን ሁላችሁም ደብተራችሁን አውጡና የተሳሳታችሁበትን አንድ ጥያቄ አምጡልኝ። ልክ የሆናችሁበትን አልፈልግም።"

ደወሉ ሲደወል ዘጠኝ ልጆች ጠረጴዛውን ከበውት ነበር። ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር። ብዙ ጠረጉት።

ነሐሴ 27

ርዕሰ መምህሯ ጠሩት። "ስምንተኛ ክፍልን አልሰጥዎትም" አሉት። "ፕሮግራሙ ይሮጣል፤ እርስዎ ደግሞ መሮጥ የለብዎትም። አምስተኛ ክፍልን ይያዙልኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከየክፍሉ ሂሳብ የከበዳቸውን ሰብስቤ እሰጥዎታለሁ።"

ወደ ቤት አብረን ተመለስን። ሰፈራችን ልንገባ ስንል፣ "ዝቅ አደረጉኝ ወይስ ገባቸው?" አለኝ።

"ምን ይመስልሃል?"

አሰበ። "ገባቸው።" ከዚያ ሳላስበው፣ "አንቺ ግን ስድስተኛ ላይ ለምን አቆምሽ?" አለ።

"እናቴ ታማ ነዋ። ታውቅ የለ።"

"አሁንስ ማን ታሟል?"

"አንተ!"

"እኔማ ተሽሎኛል" አለ፣ በዱላው መሬቱን መታ መታ እያደረገ።

መስከረም 20

ሳምንቱን ሙሉ አምስተኛ ክፍል አስተማረ። ደክሞት ይገባል፣ ደስ ብሎት ይገባል። እኔን ደግሞ አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኝ ዛሬ ጎልማሶች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ወሰደኝ። የመመደቢያ ፈተና አለ፤ ሃያ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት። እሱ ውጪ ግንቡ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

እዚያው አርመው ሰጡኝ። አሥራ ስምንት። "ስምንተኛ ክፍል ይግቡ" አለኝ መዝጋቢው፤ ወረቀቱን ሁለቴ አይቶ። ጥያቄዎቹ ቀላል ስለነበሩ ነው።

ስወጣ "ስንት?" አላለኝም። "የትኞቹን ሳትሽ?" ነው ያለኝ።

"አንዱን ስገለብጥ ተሳሳትኩ። አንዱ ሰዓት አልቆብኝ ቀረ። ስለ ታንከር ነው። አንዱ ቧንቧ ብቻውን በስድስት ሰዓት ይሞላዋል፤ ሌላው በአሥራ ሁለት። ሁለቱም ቢከፈቱስ?"

"ወረቀት አለሽ?"

አልነበረንም። መንገድ ዳር አንድ መኪና ቆሟል፤ አቧራው የጣት ውፍረት አለው። ባለቤቴ ዙሪያውን አየና የኋላውን መስታወት አሳየኝ። ኧረ ነውር ነው አልኩት። "ጻፊ" አለኝ።

በጣቴ ጻፍኩ። "በአንድ ሰዓት ያኛው አንድ ስድስተኛ ይሞላል፤ ይሄኛው አንድ አሥራ ሁለተኛ።" ወደ አሥራ ሁለት አመጣኋቸው። ሁለት አሥራ ሁለተኛ፣ ሲደመር አንድ አሥራ ሁለተኛ፤ ሦስት አሥራ ሁለተኛ። ይሄውም አንድ አራተኛ።

"ኸረ እናንተ! ምን እየሠራችሁ ነው?" የመኪናው ባለቤት ከሱቅ እየሮጠ ወጣ፤ ዳቦ በእጁ ይዟል።

"ትንሽ ይታገሡን" አለው ባለቤቴ በትህትና፣ "አንድ መስመር ነው የቀራት።"

ሰውየው ምን እንደነካው እንጃ፣ ቆሞ ጠበቀ። እኔም ጻፍኩት። "በሰዓት ሩቡ ከሞላ፣ ሙሉው በአራት ሰዓት።"

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። "ታንከሩ ግን" አለ ዳቦውን እየቆረሰ፣ "አያፈስም?"

"የመጽሐፍ ታንከር አያፈስም" አለው ባለቤቴ።

ሰውየው ሳቀ፣ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ልጠርግለት ጨርቅ ሳወጣ በመስኮቱ "ተይው፣ ልጄ ታየዋለች" ብሎኝ ሄደ።